መኪና በሲባጎ ይለካል?

ሰኞ ዕለት ከከተማ ሲመለሱ፣ አውቶብሱ ውስጥ፣ የአናጺው ሚስት አራት ጊዜ አስመለሳት። የመጀመሪያውን በያዘችው ፌስታል ተቀበለችው። ሁለተኛውን ባሏ በኮፍያው ተቀበለላት። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠ ሰውዬ ጫማ ተረፈ። ሰውዬው እንደ ሰው "አይዞሽ" ማለት ሲገባው "የታመመ ሰው በሕዝብ አውቶብስ ይጫናል እንዴ?" ብሎ ሾፌሩ ላይ ጮኸ። እግዜር ይይለት! ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን አስወልቆ አናቱ ላይ በደፋለት። አናጺው ግን ጎንበስ ብሎ በሸሚዙ እጅጌ ጫማውን ጠረገለት።

ሴትዮዋ ኩላሊቷ ከከዳት ስምንት ወር ሆኗታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ደሟ በማሽን ካልታጠበ መኖር የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ማሳመሪያ የለውም። የእጥበት ማሽን ያለው ደግሞ ትልቁ ከተማ ነው፤ ከእነሱ ቤት በአውራ ጎዳናው መቶ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር። "ለምን እዚያው ቤት አትከራዩም?" የሚል ብልጥ አይጠፋም፣ መካሪ ሞልቷል። የአናጺው መተዳደሪያ ግን ግቢው ውስጥ ያለው ወርክሾፕ ነው። እሱን ዘግቶ ከተማ ቢገባ መድኃኒቱን በምን ሊገዛ ነው?

መሄዱስ ባልከፋ። ጠዋት ስትሄድ ሰው ናት፤ ትቀልዳለች፣ ሾፌሩን ታማለች። ጉዱ ያለው መመለሱ ላይ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ማሽኑ ሥር ተኝታ ስትነሳ ሰውነቷ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሆናል። የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ጭንቅላቷ ይዞራል፣ ባቷን ይጨመድዳታል። መርፌው የሚገባበትን ግራ ክንዷን ሰው ከነካባትማ አለቀ። እንዲህ ሆና ነው እንግዲህ ሦስት ሰው በተጣበቀበት ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል የምትንገላታው።

ቤት ገብተው ጫማዋን ሲያወልቅላት፣ "ስማኝማ" አለችው። "በዚያ አውቶብስ ከእንግዲህ አልሄድም።"

"ታዲያ በምን ልትሄጂ ነው?"

"በምንም።"

የ"በምንም"ን ትርጉም ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አናጺው ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ጫማዋን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለመናት፣ በልጆቿ ተማጸናት፣ አለቀሰ። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው አግብተው ሩቅ ነው የሚኖሩት፤ ስልክ ቢደወልላቸው እነሱም ከማልቀስ በቀር ምን ያደርጋሉ? በመጨረሻ "ረቡዕን ብቻ ታገሽኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ" አላት።

"ረቡዕን ለአንተ ስል እሄዳለሁ" አለች። "ግን ዘዴ ብለህ አንዲት ነገር ሸጠህ ብትገኝ ውርድ ከራሴ! ለምትሞት ሴት ብለህ ቤቴን ባዶ እንዳታደርገው። ማልልኝ።"

ማለላት። ሲምል ግን ዓይኑ በመስኮት በኩል ወርክሾፑ ውስጥ ያለውን የእንጨት መላጊያ ማሽን እያየ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መካኒክ የሆነውን የሚስቱን ታናሽ ወንድም ይዞ መኪና ፍለጋ ወጣ። መካኒኩ ነገር ሳያጋንን የማይናገር፣ ሲናገር ግን የማይሳሳት ልጅ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ አለው።

"ጋሼ፣ የሚመች መኪና አለ። የማይበላሽ መኪና አለ። ነዳጅ የማይበላ መኪናም አለ። ሁለቱን በአንድ ላይ ላገኝልህ እችላለሁ። ሦስቱን በአንድ ላይ የያዘ ግን ባለቤቱ አብዶ ካልሆነ አይሸጠውም።"

"ሁለቱ አይበቁኝም" አለ አናጺው። "ካልተመቻት አትሳፈርም። መንገድ ላይ ቢገትረን ተራዋ ያልፋል። ነዳጅ ከበላ ደግሞ በሦስተኛው ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እህትህ የለችም። ገባህ?"

መካኒኩ እርምጃውን አፈጠነ።

መኪና የሚሸጥበት ግቢ የደረሱት አናጺው አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ነው። ሚስቱ ቤት ውስጥ የምታስመልስበት ባልዲ ነው። የግቢው ደላላ በቅጽል ስሙ ማር ምላስ ይባላል፤ የአሮጌ መኪና ዕድሜ በመቀነስ የተካነ ሰው ነው። አናጺው ባልዲውን ከቧንቧ ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ወደ መኪናዎቹ ሲመጣ አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"ጋሼ፣ መኪና ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊያጥቡ?"

"ያላወቅከውን አትሳቅ" አለው መካኒኩ። "ቁልፉን አምጣ።"

የአናጺው ዘዴ ይኸው ነበር። መካኒኩ ይነዳል፤ እሱ ከኋላ ይቀመጣል፤ የሞላው ባልዲ እግሩ ሥር ይሆናል። አስፋልቱን ወጥተው፣ ኮረኮንቹን ወርደው፣ ፍሬን ይዘው ሲመለሱ ባልዲው ውስጥ የቀረውን ውሃ ያያል። ሞተሩን መካኒኩ ይስማ፤ የሚስቱን ሆድ ግን ከባልዲው በቀር ማን ይናገርላታል?

የመጀመሪያው ጥቁር ትልቅ መኪና ነበር። እውነትም ጥጥ ነው፤ ከውሃው ጠብ ያለ የለም። አናጺው ደስ ሊለው ሲል መካኒኩ ከመስታወቱ ውስጥ አየው። "እንዳትወደው ጋሼ። ይሄ ነዳጅ አይጠጣም፣ ይጨልጣል። ደርሰህ እስክትመለስ ስንት ማደያ እንደምትቆም አስበው።" ሁለተኛዋ ትንሽ መኪና ናት፤ ነዳጁን እንደ ምራቋ ነው የምትቆጥበው፣ ሞተሯም ገና ነው። ኮረኮንቹ ላይ ግን አናጺው ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ጉልበቱ አገጩን ነካው፣ የባልዲው ውሃ እኩሌታው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እርጥብ ሱሪውን ይዞ ሲወርድ ማር ምላስ ዞር ብሎ ሳቀ። ቢስቅ አይፈረድበትም።

ሦስተኛዋን ማር ምላስ አላሳያቸውም፤ ራሱ መካኒኩ ነው አጥር ጥግ ያያት። ረዥም መኪና ናት፣ ከኋላዋ የዕቃ ቦታ ያላት፣ መልኳ የደበዘዘ። የአንዱ በሯ ቀለም ከሌላው አይገጥምም።

"እሷን ተዋት" አለ ደላላው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱ ተሳሰረ። "ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አንድ የእንስሳት መድኃኒት አከፋፋይ ነበር የሚይዛት፤ በየቀኑ አውራ ጎዳና ላይ ነው የኖረችው።"

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። የዘይቱን ክዳን አሸተተ፣ እጁን ከሥር ሰዶ ዳበሰ፣ አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ አናጺውን ወደ ጎን ሳበው። "ጋሼ፣ ሰው የሚሸሸው ቁጥሯን አይቶ ነው። የከተማ ኪሎ ሜትርና የአውራ ጎዳና ኪሎ ሜትር ግን አንድ አይደለም። ከተማ ውስጥ አቁም፣ አስነሳ፣ ፍሬን ያዝ፤ መኪናን የሚገድላት እሱ ነው። ይቺ በአንድ ፍጥነት ስትሮጥ ነው የኖረችው። ባለቤቷም ዘይቷን በሰዓቱ ሲለውጥላት ኖሯል። ጤነኛ ናት።"

ባልዲው ተሞላ፣ ተሄደ፣ ተመለሰ። የፈሰሰው አንድ ጣሳ ቢሆን ነው። የኋላው ወንበር ደግሞ ወደ ፊት ሲታጠፍ ከዕቃ ቦታው ጋር ገጥሞ እንደ መደብ ተዘረጋ። አናጺው ቆሞ አየው። መቀመጥ የማትችል ሴት ተኝታ መምጣት ትችላለች ማለት ነው! እጁን ኪሱ ከቶ ሜትሩን አወጣ፣ ስፋቱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ። ከዚያ ግራ ገባው። የአገሩን ሰው አልጋ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት አብራው የተኛችውን ሚስቱን ቁመት አያውቀውም።

"ነገ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፣ ለሰው እንዳትሰጥብኝ" ብሎ ማር ምላስን ለምኖት ወደ ቤቱ ሮጠ።

ቤት ሲደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሚስቱ በቀኝ ጎኗ ጋደም ብላ፣ ግራ ክንዷን ትራስ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከድናለች። እንዲህ ነው የምትተኛው፤ እሱም የፈለገው እንዲህ እንዳለች ሊለካት ነው። ሜትሩን ሊስብ ሲል ብረቱ ቀርርር አለ። ደንግጦ መለሰው። ብትነቃ ምን ይላታል? መኪና ልገዛልሽ ነው ቢላት በምን ገንዘብ ልትለው ነው፣ ነገሩ ሁሉ ሊፈርስ ነው። በእግሩ ጫፍ ወጥቶ ከወርክሾፑ ሲባጎ አመጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። አናጺው አልጋም፣ በርም፣ ቁም ሳጥንም የሚለካው በሜትር ነው። በሲባጎ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳ። ሐዘንተኛ ፊት ሜትር ማንጫረር ነውር ነው የሚል ከአባቱ የወረሰው ሥርዓት ነበረው። ሰው ሞቶ ሳጥን ሲታዘዝ ሲባጎውን ቀስ አድርጎ ከአናት እስከ እግር ይዘረጋል፣ አንድ ቋጠሮ፤ ትከሻ ላይ፣ አንድ ቋጠሮ፤ ጠቅልሎ በኪሱ ይከታል። ይሄን ደግሞ ከሚስቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አዲስ ሙሽራ ሳለች አብራው እየሄደች ሲባጎውን የምትቋጥርለት እሷ ነበረች።

ታዲያ እንዴት አላሰበውም? አላሰበውማ! የጨነቀው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ለሁለት ነገር ቦታ የለም። አጎንብሶ ትንፋሹን ውጦ ሲባጎውን ከአናቷ እስከ ተረከዟ ዘረጋ፣ ቋጠረ። ትከሻዋ ላይ አደረገ፣ ቋጠረ። ሌላም ሌላም ለካና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከክፍሉ ሲወጣ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። እሷ ግን አልተኛችም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ልብሷን ይዞላት ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኛት።

"ተነሽ እንጂ፣ አውቶብሱ ሊያመልጠን ነው።"

"አልሄድም።"

"እንዴ! ረቡዕን ለአንተ ስል አላልሽኝም?"

"ብዬ ነበር። አንተው ጨረስከው እንጂ።"

ምኑን እንደጨረሰ ቢጠይቃት አልመልስ አለች። ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ እግሯ ላይ ቢወድቅ ግድግዳውን እንደያዘች ቀረች። ከውጭ የአውቶብሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ ራቀ፤ ጠፋ። አናጺው በሩ ላይ ልብሷን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የእጥበት ክፍሉ ነርስ ናት፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት።

"አባቴ፣ ምነው ዛሬ ቀራችሁ?"

"ትንሽ... ትንሽ አሟት ነው ሲስተር።"

"አሟት ነው? ታማ አይደል እንዴ የምትመጣው!" ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይስሙኝ፣ ደንቡን ያውቁታል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። አንድ አስተማሪ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቅ ነው የከረመው፤ እሱም የሚሞት ሰው ነው። ዓርብ ሦስት ሰዓት ካልደረሳችሁ እኔም ላድናችሁ አልችልም።"

ከሰዓት በኋላ የሚስቱ እግር ማበጥ ጀመረ። አናጺው አጠገቧ ተቀምጦ ባቷን ሲያሽላት በድንገት ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረች። የሚያስፈራው መርጋቷ ነው።

"ከጥዱ ሥራልኝ። ጥሩውን እንጨት ለደንበኛ አስቀምጠው፤ መሬት ለሚበላው ነገር አታባክነው።"

"ምኑን?"

"ሳጥኔን ነዋ። ትናንት ለካኸኝ አይደል።"

አናጺው እጁ ባቷ ላይ ደረቀ። ያን ጊዜ ነው የሠራው ሥራ ቁልጭ ብሎ የታየው። ሲባጎው፣ ቋጠሮው፣ በእግሩ ጫፍ መውጣቱ። ምነው እጄን በቆረጠው አለ በልቡ።

"ኧረ በፈጠረሽ! ለሳጥን አይደለም! ለመኪና ነው የለካሁሽ!"

ሴትዮዋ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ግን የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። "መኪና በሲባጎ ይለካል?"

"የምትተኚበትን ልሠራልሽ... ሜትሩ ድምፅ ስላለው... እንዳትነቂ ብዬ..."

"ተው" አለችው። "ሠላሳ ዓመት ዋሽተኸኝ አታውቅም፤ አሁን በመጨረሻው አትጀምር። አልተቀየምኩህም። እኔም ደክሞኛል፣ አንተም ደክሞሃል። እንደተስማማን ቁጠረው።"

ወንድሟ ተጠርቶ መጣና "እቴ፣ እውነቱን ነው፣ አብሬው ነበርኩ" አላት። "ለታመመ ሰው የማይዋሽ ማን አለ?" ብላ እሱንም አሰናበተችው። ከዚያ ወዲያ የሚያሳምናት አፍ ሳይሆን መኪናው ራሱ እንደሆነ ለሁለቱም ገባቸው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ለአናጺው ያን ለታ የቀረችለት ምርጫ አንዲት መኪና ብትሆንም መካኒኩ ግን በጭፍን እንዲገዛ አልፈቀደለትም። "ዛሬ ቸኩለህ ሳታይ ብትገዛትና ዓርብ መንገድ ላይ ብትቆምብህስ?" አለው። ሐሙስ ማለዳ ሞተሯ ቀዝቅዞ እንዳደረ አስነሷት፤ አንዴ ሳታጉረመርም ተነሳች። ነዳጇን እስከ አፏ ሞልተው በአውራ ጎዳናው እስከ ግማሽ መንገድ ሄዱ፣ ተመለሱና እዚያው ማደያ እንደገና ሞሉ። ቀጂው የጨመረላቸውን ነዳጅ አይቶ "ከየት ነው የመጣችሁት፣ ከጎረቤት?" አለ። መካኒኩ አናጺውን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። የመላጊያ ማሽኑን ሌላ አናጺ እያስጫነ ሲወስድ አናጺው ፊቱን አዞረ፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት እጁ የነበረ ማሽን ነው፤ በዋጋው መኪናዋ ተገዛች። ከዚህ በኋላ እንጨት የሚልገው በክንዱ ነው።

ከዚያ ወዲያ የዋለበትን ውሎ ጠላትም አይዋለው። መኪናዋን መካኒኩ ጋራዥ አስገብቶ ሙሉ ቀን መጋዝና መዶሻ ይዞ ከውስጧ አልወጣም። በሕይወቱ ሁለት ጊዜ አጣሞ ቆርጦ የማያውቅ ሰው አንዱን ሳንቃ ሦስት ጊዜ ቆረጠው። በየሰዓቱ ቤት እየሮጠ ያያታል። ፊቷ አብጧል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት አቅቷት ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ አጠረ። ውሃ አምጡልኝ ትላለች፤ ከሰጧት ታብጣለች፣ ከከለከሏት ታለቅሳለች። "ነገ ትሄጃለሽ" ቢላት እምቢ ብላ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አናጺው ወደ ጋራዡ ሲመለስ መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ከራሱ ጋር ይጣላ ነበር። "የቱ ሰይጣን ነው ሲባጎ ያስያዘህ፣ አንተ ደደብ!" ይላል። ያየው ሰው ሁሉ አበደ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

ዓርብ ሲነጋ ረዥሟ መኪና በሩ ላይ ቆመች። አናጺው የኋላ በሯን ከፈተና ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ከአልጋዋ በመስኮት እያየቻት ነው።

"የሬሳ መጫኛውንም አመጣኸው?" አለች፣ በየቃሉ እየተነፈሰች።

አናጺው በሠላሳ ዓመት ትዳሩ ጮኾባት አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ጮኸ።

"ነይ ውጪ! ነይ ውጪና በዓይንሽ እዪው! ከዚያ መሞት ከፈለግሽ ሙቺ፣ አልይዝሽም! ግን አይተሽ ሙቺ!"

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሴትዮዋ ከትንፋሽ ማጠሩ ይልቅ መሰደቧ አናደዳት መሰለኝ፣ በወንድሟ ትከሻ ተደግፋ ተነስታ ወጣች። የመጣችው መልሳ ልትሰድበው ነው።

መኪናው ውስጥ ሁለት ቀበቶ ያለው፣ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ መኝታ ተዘርግቷል። ራስጌው ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ሲያስፈልግ ዝቅ ይላል። በግራ በኩል እንደ መደርደሪያ ያለ ለስላሳ ነገር ወጣ ብሏል። ከትራሱ ፊት ለፊት ደግሞ ሳንቃው ላይ ክብ ቀዳዳ ተቆርጧል፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ልሟል።

"ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?" አለች።

አናጺው ቢጫውን ባልዲ ከመሬት አነሳና ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጠው። ልክክ አለ።

"የባልዲሽ ነው። መኪናው ሲታጠፍ እንዳይደፋብሽ። እስቲ ንገሪኝ፤ የሞተ ሰው ያስመልሰዋል? ለሬሳ ባልዲ ምን ያደርግለታል?"

የባልዲውን ጠርዝ በጣቷ ነካችው።

"ይሄ ደግሞ የግራ ክንድሽ ማሳረፊያ ነው፤ ማንም እንዳይነካብሽ። ለሬሳ ክንድ ስለካ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ አይደለሽ ስትቋጥሪልኝ የኖርሽው! ለሳጥን ሁለት ቋጠሮ ነው። ይኸው፣ ቁጠሪው!" ሲባጎውን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ ጣለላት።

ሴትዮዋ ያበጡ ጣቶቿን በሲባጎው ላይ ቀስ ብላ አስኬደች። አንድ፣ ቁመቷ። ሁለት፣ ትከሻዋ። ሦስት፣ ጉልበቷ ሲታጠፍ። አራት፣ ክንዷ። አምስተኛው ላይ ቆመች።

"ይሄስ?"

"ከአፍሽ እስከ ባልዲው።"

ወንድሟ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሲባጎውን በጡጫዋ ጨብጣ፣ "መላጊያህን ሸጥከው፣ አይደል?" አለች።

"ሸጥኩት።"

"ማልክልኝ እኮ።"

"ማልኩ።"

"ውሸታም" አለችውና እጇን ዘረጋች። ደግፎ አሳፈራት።

መቶ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር በዓርብ ማለዳ እንዲህ ይረዝማል ብሎ ማን ገመተ! መኪናዋ ስሟን አላጎደፈችም፤ በአንድ ድምፅ ትሄዳለች። አናጺው ግን መሪውን አንቆ ይዞ ጆሮው ከኋላ ነው። የሚስቱ ትንፋሽ ይንተከተካል። በየጥቂቱ "አለሽ?" ይላል። "አለሁ" ትለዋለች። "አለሽ?" "አለሁ።" ትልቁ ድልድይ ጋ ሲደርሱ "አለሽ?" ቢል መልስ የለም። "አንቺ! አለሽ ወይ!" መልስ የለም። መንገዱ ፊቱ ላይ ጭጋግ ሆነ፣ እግሩ ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሳ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ወንድሟ ዘሎ ወደ ኋላ ዞረ።

"እንቅልፍ ወስዶኝ እኮ ነበር!" አለች ሴትዮዋ ከኋላ። "ሌሊቱን ሙሉ ጋደም ማለት አቅቶኝ ነው ያደርኩት፤ ምናለ ዝም ብትሉ!"

አናጺው እያለቀሰ ነዳ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ዝም አለ።

ለሦስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እጥበት ክፍል ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቀጭን ሰው ትንሽ ሻንጣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ እንደ አመድ ነው፤ እግሩ ስላበጠ ጫማውን ሳያስር ነው የመጣው። የሸሚዙን ግራ እጅጌ አስቀድሞ ሰብስቦ ክርኑ ላይ አድርሶታል። አጠገቡ ሚስቱ ቆማለች። አናጺው ማንም ሳይነግረው አወቀው፤ አስተማሪው ነው። ዓርብ ሰው ከቀረ ብሎ ተጠርቶ የመጣ ተጠባባቂ።

ሲስተር ሮጣ መጥታ ሴትዮዋን ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ ቁጥሩን አይታ ጮኸችባት። "እናቴ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ! አንድ ቀን ብትቆዪ አልቆልሽ ነበር! ግቢ፣ ቶሎ ግቢ!"

አስተማሪው ከወንበሩ ተነሳ። እጅጌውን ቀስ አድርጎ ዘረጋና ቁልፉን ቆለፈ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ቀረብ አለ። ሲናገር ነውር የሚሠራ ሰው ይመስል ድምፁ ይርበተበታል።

"እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መጠየቄ ነውር ነው። ሰኞስ... ሰኞ ትመጫለሽ?"

ሴትዮዋ ሰውዬውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ያበጠ እግሩን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ከኋላው ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ያደረገችውን ሚስቱን አየች። ረቡዕ ዕለት ቢጠይቃት ኖሮ ቦታዋን አንስታ ትሰጠው ነበር፤ ይሄንን አናጺው ያውቀዋል። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

"እመጣለሁ ወንድሜ" አለችው። "ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም እመጣለሁ። ይቅር በለኝ።"

አስተማሪው ራሱን ዝቅ አደረገ። "እግዜር ይማርሽ" አላትና ሻንጣውን አንስቶ፣ ሚስቱን ተደግፎ፣ በኮሪደሩ እየተጎተተ ሄደ። አናጺው ጀርባቸውን እያየ ቆመ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም እስኪሞት አፈረ።